መንገድ ከመለወጥ በፊት

በተማሪዎች መኖሪያ ውስጥ መብራት ከጠፋ በኋላ የሚሰማው ወሬ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የፈተና ወሬ ነው። ሁለተኛው «እኔስ ይህን ትምህርት ልተወው ነው» የሚለው ነው። የምሕንድስናው ተማሪ ሕግ ሊገባ ያስባል፤ የሕጉን ተማሪ ንግድ ያምረዋል፤ ዘንድሮ የሚመረቀው ደግሞ «ዲግሪዬን ተቀብዬ መሥሪያ ቤት አልገባም፤ ዶሮ አረባለሁ» ይላል፣ ወይም ባሕር ማዶ ለመሻገር ያስባል። ሲነጋ ከተናጋሪዎቹ ብዙዎቹ ወደ ትናንቱ ክፍላቸው ይሄዳሉ፤ ጥቂቶቹ ግን በእርግጥ ይለውጣሉ። ከለወጡትም መካከል አንዳንዱ ይሰምርለታል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ከሁለቱም ሳይሆን ይቀራል።

ይህ ጽሑፍ ለውጡ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሰጥም። ያ በሰውየውና በሙያው ዓይነት የሚወሰን ነው። የምንመረምረው ከዚያ በፊት የሚመጣውን ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ለመለወጥ ያሰበ ሰው ተዘጋጅቶ እንደ ሆነ ወይም እንዳልሆነ በምን ያውቃል? የሚለው ነው። በበኩሌ ዝግጅት ስሜት ነው ብዬ አላምንም። ዝግጅት እንደ መንገደኛ ስንቅ ተፈትቶ ሊታይና ሊቈጠር የሚችል ነገር ነው። ልቡ የሞላ ሰው ስንቁ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ የሚፈራው ሰው ደግሞ ስንቁን ቋጥሮ ጨርሶ ሳያውቀው የተቀመጠ ሊሆን ይችላል።

በመጀመሪያ የምክንያቱን ነገር እናንሣ። ከእኛ መካከል የሚማረውን ትምህርት ወዶ የመረጠው ስንቱ ነው? በ2008 (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ የተቈጠሩት በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) መንግሥት ከመቶው ተማሪ 70ው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ወደ ማኅበራዊ ትምህርት እንዲመደብ ባደረገ ጊዜ፣ የራሱን ዝንባሌ ሳይሆን የምደባውን ቍጥር ተከትሎ የገባው ወጣት ጥቂት አልነበረም። ቦታው የሚገኘው በውጤትና በወንበር ብዛት እስከ ሆነ ድረስ ሁለተኛና ሦስተኛ ምርጫው የደረሰው ሁልጊዜም ይኖራል። ስለዚህ «እኔ አልመረጥሁትም» የሚለው ቅሬታ እውነተኛ ነው። ነገር ግን ይህ ቅሬታ ያለንበትን ለመጥላት ምክንያት ይሆናል እንጂ ሌላውን ለመምረጥ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ከጅብ የሚሸሽ ሰው የሚሮጠው ሊደርስበት ወደሚፈልገው ቦታ አይደለም፤ ጅቡ ወደሌለበት ነው። ጅቡ የሌለበት ደግሞ ገደል ሊሆን ይችላል።

ይህን ለመለየት አንድ ቀላል ሥራ አለ። አንድ ወረቀት ወስዶ በአሁኑ ትምህርት ወይም ሥራ የሚያስጠላውን ሁሉ ሳይደብቁ መጻፍ ነው። ከዚያ በኋላ ከሙያው ጋር ግንኙነት የሌለውን አንድ በአንድ መሰረዝ ነው። ያ ክፉ መምህር ይሰረዛል፤ የመኖሪያው ጫጫታ ይሰረዛል፤ ባለፈው ሴሚስተር የወደቅንበት አንድ ኮርስ ይሰረዛል፤ ጓደኛችን ወደ ሌላ ፋኩልቲ መሄዱም ይሰረዛል። ከተሰረዘ በኋላ በወረቀቱ ላይ አንድም ነገር ካልቀረ ሰውየው መለወጥ ያለበት መምህሩን ወይም መኝታ ክፍሉን ነው። የቀረው ግን «ቀኑን ሙሉ ከማሽን ጋር መዋል አልችልም፤ ከሰው ጋር መነጋገር ነው የሚያነቃኝ» የሚል ዐይነት ከሆነ፣ ጉዳዩ የሙያው ጉዳይ ነው ማለት ነው፤ ምርመራውም ይቀጥላል።

እዚህ ላይ «ሦስት ዓመት ሙሉ ተምሬ እንዴት እተወዋለሁ?» የሚል ይነሣል። ይህ አነጋገር ብልህ ይመስላል፤ ስሕተት ግን አለበት። በ1985 ሁለት ተመራማሪዎች፣ አርክስና ብሉመር የተባሉት፣ ያቀረቡት አንድ ጥናት ለዚህ ይጠቅመናል። በአሜሪካ በኦሃዮ ዩኒቨርስቲ የቲያትር ቤት የዓመት ቲኬት ለመግዛት ከመጡት ሰዎች ለአንዳንዱ በሙሉ ዋጋ በ15 ዶላር፣ ለአንዳንዱ በ13፣ ለአንዳንዱ በ8 ዶላር በዕጣ ተሸጠላቸው። ቲያትሩ ለሁሉም ያው ነው። ነገር ግን በዓመቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ሙሉ ዋጋ የከፈሉት ከሌሎቹ ይልቅ ደጋግመው መጡ። ያመላለሳቸው የቲያትሩ ጣዕም ሳይሆን አንድ ጊዜ ከኪሳቸው የወጣው፣ ቢመጡም ባይመጡም የማይመለሰው ገንዘብ ነበረ። እኛም በሦስቱ ዓመታት ላይ ሌላ ሁለት ዓመት የምንጨምረው አብዛኛውን ጊዜ እንደዚሁ ነው። ያለፈው ሦስት ዓመት በሁለቱም መንገድ አልፏል፤ መመዘን ያለበት ከፊታችን የቀረው ነው። ይሁን እንጂ ከሦስቱ ዓመታት ተሸክመን የምንሄደው ነገር ካለ፣ ለምሳሌ የሒሳብ ትምህርታችን ወደ ኤኮኖሚክስ ስንሄድ የሚያገለግለን ከሆነ፣ እርሱ ከስንቁ ውስጥ ይቈጠራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከሁሉም የሚበልጠው የዝግጅት ምልክት፣ ሰውየው ሊገባበት ያሰበውን ሥራ ከመግባቱ በፊት በትንሹም ቢሆን ሠርቶት መገኘቱ ነው።

ትምህርታቸውን ወይም ሙያቸውን ለውጠው ስማቸው የተጠራውን ያገራችንን ሰዎች ታሪክ ስናይ ይህ ነገር ደጋግሞ ይታያል። ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። እዚያ ከደረሱ በኋላ ወደ ሥዕል ዞረው በለንደን በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ በኋላም በስሌድ ተማሩ። ሲመለሱ በ1954 በአዲስ አበባ የሥዕል ትርኢታቸውን አሳዩ፤ ዛሬ በአፍሪካ አዳራሽ የምናየው 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የመስታወት ሥዕል የእርሳቸው ነው። ይህን ታሪክ የሚሰማ ተማሪ «እርሳቸውም ምሕንድስናን ትተዋል፤ እኔም ልተው» ይላል። ነገር ግን አፈወርቅ ሥዕልን የጀመሩት ለንደን ደርሰው ምሕንድስናው ሲሰለቻቸው አልነበረም፤ ገና በልጅነታቸው በትውልድ አገራቸው በግድግዳ ላይ ይሥሉ ነበር። ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በቺካጎ ብላክስቶን በሚባለው የሕግ ትምህርት ቤት በ1959 ትምህርታቸውን ከጨረሱ በኋላ ነው ፊታቸውን ወደ ቲያትር ያዞሩት ይባላል። ይሁን እንጂ ገና ትንሽ ተማሪ ሳሉ ጽፈውት በመድረክ የታየ ቲያትር ነበራቸው። ሙላቱ አስታጥቄ ምሕንድስና ሊማር ወደ ዌልስ ተልኮ ሙዚቃን የመረጠው፣ በዚያው በገባበት ትምህርት ቤት ሙዚቃውን በእጁ ከሞከረ በኋላ ነው፤ ከዚያ ወደ ለንደን፣ ከዚያም ወደ ቦስተን ሄዶ በበርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማረ። የሦስቱም ለውጥ ከሩቅ ሲታይ ዝላይ ይመስላል። ከቅርብ ሲታይ ግን አንዱ እግር ቀድሞ በወዲያኛው ዳር ላይ ነበረ።

በዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። የነዚህን ሰዎች ታሪክ የምናውቀው ስለ ሰመረላቸው ነው። ምሕንድስናውን ትቶ ሥዕሉም ሳይሰምርለት የቀረውን ሰው ታሪክ ማንም አልጻፈውም። ስለዚህ የታላላቆች ታሪክ ምን ማድረግ እንደሚቻል ያሳየናል እንጂ ከዐሥር ሰው ስንቱ እንደሚሳካለት አይነግረንም። በየንግግሩ የነርሱን ስም የሚጠራ ሰው ይህን ቢያስብበት መልካም ነው።

ሠርቶ መሞከር ለምን ይህን ያህል እንደሚጠቅም የሥነ ልቡና ሊቁ አልበርት ባንዱራ በ1977 ባወጣው ጽሑፍ አብራርቶታል። ሰው «ይህን ነገር እችላለሁ» የሚለውን እምነት ከአራት ምንጭ ይቀዳል፤ ራሱ ሠርቶ ከማየት፣ ሌላው ሲሠራ ከማየት፣ ከሰው ምክርና ማበረታቻ፣ እንዲሁም ከገዛ አካሉና ከስሜቱ ሁኔታ። ከአራቱ የበረታው የመጀመሪያው ነው። እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምንመካው በሦስተኛው ነው፤ ማለት «አንተ እኮ ጠበቃ ነበር መሆን ያለብህ፤ አፍህ ይችላል» ባለን ጓደኛ ነው። እርሱ ይህን የተናገረው ስለ ካፌ ሒሳብ ስንከራከር ሰምቶ ሊሆን ይችላል።

ቀድሞ ዩኒቨርስቲው ራሱ እንዲህ ያለውን ሙከራ ያደርግ ነበር። በ1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ የተጀመረው የዩኒቨርስቲ አገልግሎት፣ ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወርዶ እንዲያገለግል ያስገድድ ነበር፤ ብዙዎቹም በመምህርነት ሠርተዋል። ስለ አገልግሎቱ የተለያየ አስተያየት ተሰጥቶበታል። ለተማሪው ግን አንድ ትልቅ ነገር ይሰጠው እንደ ነበር ለማለት ይቻላል፤ ስለ ገጠርና ስለ ማስተማር ያለውን ሐሳብ በእውነተኛ ልጆች ፊት ቆሞ ይፈትነው ነበር። ያ ዓይነቱ አገልግሎት ዛሬ ስለሌለ እያንዳንዳችን ሙከራውን ለራሳችን ማዘጋጀት ይኖርብናል፤ ለዚህም ክረምት ይበቃል።

ሕግ ልማር የሚል ተማሪ በክረምት አንድ ወር ሙሉ ችሎት ገብቶ ይቀመጥ። ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው፤ በአዲስ አበባ ያለን እንደ ሆነ ልደታ ሩቅ አይደለም። እዚያ የሚያየው በሲኒማ ያየውን ዓይነት ክርክር አይደለም። የሚያየው ቀጠሮ ነው፤ መዝገብ ፍለጋ ነው፤ ምስክር ባለመቅረቡ የተመለሰ ባለጉዳይ ነው፤ አንድን አንቀጽ ለማግኘት ግማሽ ቀን የሚያገላብጥ ጠበቃ ነው። ይህን አይቶ «እኔም እንዲህ ብውል ደስ ይለኛል» ካለ አንድ ትልቅ ነገር አገኘ። ዶሮ ለማርባት ያሰበውም እንደዚሁ የሚያረባ ሰው ፈልጎ በነጻ ያገልግለው። ሌሊት ተነሥቶ የጫጩቶቹን ሙቀት ይይ፤ ጕዝጓዙን ይጥረግ፤ ፈንግል ገብቶበት በሳምንት ውስጥ ቤቱ ባዶ የቀረበት ጎረቤት ካለ ሄዶ ያነጋግረው። መምህር ልሁን የሚል በሰፈሩ ካሉት ልጆች አምስቱን ሰብስቦ ሁለት ወር ሒሳብ ያስተምራቸው።

ሙከራው ምን ያህል ይቈይ? በእኔ አስተያየት ቢያንስ አንድ ጊዜ እስኪሰለች ድረስ ይቈይ። ማንኛውም ሥራ በመጀመሪያው ሳምንት ያስደስታል። ጠቃሚው ትምህርት የሚገኘው ከሰለቸን በኋላ በማግሥቱ ተነሥተን መሄዳችንን ወይም መቅረታችንን ስናይ ነው።

ከሙከራው ቀጥሎ የጊዜና የገንዘብ ሒሳብ ይመጣል። በዚህ ነገር የሰው ልጅ በራሱ ላይ ያለው ግምት ደካማ መሆኑ ተረጋግጧል። በ1994 ቡለር፣ ግሪፊንና ሮስ የተባሉ ተመራማሪዎች በካናዳ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚያዘጋጁ ተማሪዎችን በስንት ቀን እንደሚጨርሱ ጠየቋቸው። ተማሪዎቹ በአማካይ 34 ቀን ያህል አሉ። «ሁሉም ነገር ቢበላሽባችሁስ?» ሲባሉ 49 ቀን ያህል አሉ። የፈጀባቸው ግን በአማካይ ከ55 ቀን በላይ ነበር። ባሉት ቀን የጨረሱት ከዐሥሩ ሦስት ያህሉ ብቻ ናቸው። ልብ ማለት የሚገባን፣ ክፉውን ሁሉ አስበን ገመትን ባሉት ጊዜ እንኳ እውነቱ ከግምታቸው አልፎ መሄዱን ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ያዘጋጀ ሁሉ ይህን ሲያነብ ፈገግ ሳይል አይቀርም።

መድኃኒቱ የራስን ጉዳይ ትቶ የሌሎችን መጠየቅ ነው። «እኔ በስንት ጊዜ እጨርሳለሁ?» ሳይሆን «ከእኔ በፊት ይህን ያደረጉት አምስት ሰዎች ስንት ጊዜ ፈጀባቸው?» ብሎ መጠየቅ ነው። አምስት ሰው ማግኘት ካልተቻለ የራስን ግምት ወስዶ ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ መጨመር ነው፤ ስድስት ወር ያልነውን ዘጠኝ ወይም ዐሥር ወር አድርገን እንቍጠረው።

እስቲ በምሳሌ እንየው። ለእንቍላል የምትረባ ዶሮ ከአንድ ቀን ጫጩትነቷ ጀምራ የመጀመሪያ እንቍላሏን እስክትጥል አምስት ወር ያህል ትቈያለች። በነዚህ አምስት ወሮች መኖ ትበላለች፣ ክትባት ትፈልጋለች፣ ቤት ኪራዩም ይከፈላል፤ ሽያጭ ግን የለም። ስለዚህ የጫጩቶቹን ዋጋና የቤቱን መሥሪያ ብቻ ቈጥሮ የተነሣ ተመራቂ በሦስተኛው ወር ላይ መኖ ማጣቱ የማይቀር ነው፤ በዚያን ጊዜ ያላደጉትን ዶሮዎች በርካሽ ለመሸጥ ይገደዳል። እርሱ «ዕድል አልሰጠኝም» ይል ይሆናል፤ የጎደለው ግን የሁለት ወር መኖ ነው። ከሦስተኛ ዓመት ምሕንድስና ወደ ሕግ የሚዛወረውም እንደዚሁ ይቍጠር። የሕግ ትምህርት አምስት ዓመት ነው። ከተማራቸው ኮርሶች የሚያዙለት የትኞቹ እንደ ሆኑ ካላወቀ፣ ሁለት ዓመት የቀረው ሰው አራት ዓመት ሊቀረው ይችላል። በወጪ መጋራት ደንብ መሠረት የተማርንበት ወጪ ከተመረቅን በኋላ የሚከፈል ዕዳ ስለ ሆነ፣ የተጨመረው ዓመት በዚያም ላይ ይደመራል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ከሁሉም የከበደው ነው፤ ስለዚህም ብዙዎቻችን እንዘልለዋለን። በውጭ አገር ስለ ሙያ ለውጥ የተጻፉትን መጻሕፍት ያነበበ ሰው እንደሚያስተውለው፣ በመጻሕፍቱ ውስጥ ያለው ሰው ብቻውን የቆመ ነው። ይመርጣል፣ ይለውጣል፣ ቢወድቅ የሚወድቀው እርሱ ነው። የእኛ ነገር እንዲህ አይደለም። ከእኛ መካከል እዚህ ለመድረሱ በሬ የተሸጠለት አለ፤ እናቱ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ያስተማረችው አለ፤ ታላቅ እኅቱ ባሕር ማዶ በሰው ቤት እየሠራች ብር የምትልክለት አለ፤ «እርሱ ሲመረቅ ይደርሰኛል» ብሎ የሚጠብቅ ታናሽ ወንድም አለው። የአንድ ተማሪ ሁለት ዓመት መጨመር ለታናሽ ወንድሙ ሁለት ዓመት መዘግየት ሊሆን ይችላል። ይህ ማለት ቤተሰብ ያለው ሰው አይለወጥ ማለት አይደለም። የሚሸከመው ሌላ ሰው ከሆነ ሸክሙን ያወቀው መሆን አለበት ማለት ነው።

እንግዲህ ጥያቄው እንዲህ ነው፤ ሸክሙ የሚያርፍበት ሰው ነገሩን ከአንተ ከራስህ አፍ ሰምቷልን? ከጎረቤት ልጅ ወይም ከተፈጸመ በኋላ በስልክ መስማቱ አይቈጠርም። ለአባቱ መናገር የከበደው አጎቱን ወይም ቤተሰቡ የሚያከብረውን አንድ ሽማግሌ ይዞ መቅረብ ይችላል፤ ይህ ያገራችን ደንብ ነው፤ አያሳፍርም። አባት ምናልባት ስለ ፋኩልቲና ስለ ዲፓርትመንት አያውቁ ይሆናል። ነገር ግን ረጋ ብለው ከሰሙ በኋላ «እሺ ልጄ፤ ከዚያስ?» ብለው ይጠይቃሉ። መልስ ስንሰጣቸው እንደገና «እሺ፤ ከዚያስ?» ይላሉ። በሦስተኛው «ከዚያስ» ላይ መልስ ያጣ ሰው ዝግጅቱ እስከ የት እንደ ደረሰ በትክክል አወቀ ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ ፈተና በየትኛውም ዩኒቨርስቲ የሚሰጥ አይመስለኝም። ደግሞም ገበሬ የሆነ አባት ስለ ሙከራ ሊነገረው አያስፈልግም። አዲስ ምርጥ ዘር ሲመጣለት ማሳውን ሁሉ አይዘራበትም፤ በአንድ ጥግ ዘርቶ መከሩን ያያል። ልጁ በክረምት ችሎት ተቀምጦ መክረሙን ሲሰማ ነገሩ ቶሎ ይገባዋል።

ሌላው ማየት ያለብን ለውጡ ብቻውን መምጣት አለመምጣቱን ነው። በ1967 ሆምስና ራሄ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች 43 የኑሮ ለውጦችን ዘርዝረው ለእያንዳንዱ የክብደት ነጥብ አወጡ። መነሻቸው ጋብቻ ሲሆን 50 ሰጡት። የሥራ ዓይነት መለወጥ 36፣ የገንዘብ ሁኔታ መለወጥ 38፣ የመኖሪያ ቦታ መለወጥ 20፣ የአኗኗር ሁኔታ መለወጥ 25 አገኙ። በአንድ ዓመት ውስጥ ድምሩ ከ150 ካለፈ የመታመም ዕድል እንደሚጨምር፣ ከ300 ካለፈ ደግሞ ይበልጥ እንደሚከፋ አስረዱ። ሙያውን ለውጦ፣ ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ፣ ገቢው ተናግቶ፣ በዚያው ዓመት ሊያገባ ያሰበ ሰው እነዚህን አምስቱን ቢደምር 169 ይሆንበታል። ዝርዝሩ የተሠራው ለአሜሪካውያን ስለ ሆነ ለእኛ ልክ ይሆናል አልልም፤ ሐዘን ቤት መቀመጥና ዕቁብ መጣል በውስጡ የሉም። ለአንድ ሰውም ትንቢት አይሆንም። ይሁን እንጂ ጥሩም ለውጥ ቢሆን ሸክም መሆኑን፣ ሠርጉም ቢሆን መቈጠሩን ያስታውሰናል። ከአምስቱ አንዱን ወይም ሁለቱን ለከርሞ ማቈየት የሚቻል ከሆነ ያ ራሱ ዝግጅት ነው።

ስለ ብዙ ማውራትም አንድ ቃል ልናገር። ፕሮቻስካና ዲክሌመንቴ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1983 ሲጋራ ስለሚተዉ ሰዎች ባወጡት ጥናትና ከዚያም በቀጠለው ሥራቸው፣ ለውጥ በደረጃ እንደሚሄድ ጽፈዋል። መጀመሪያ ነገሩን አለማሰብ፣ ከዚያ ማሰብ፣ ከዚያ መዘጋጀት፣ ከዚያ ማድረግ፣ በኋላም ጸንቶ መቈየት ነው። ሲጋራና ሙያ አንድ አይደሉም። ሆኖም ሰው በማሰብ ደረጃ ላይ ለብዙ ጊዜ ተቀምጦ የተዘጋጀ ሊመስለው እንደሚችል ከዚህ እንማራለን። ከመብራት በኋላ ያለው ወሬ የማሰብ ደረጃ ነው። መዘጋጀት የሚጀምረው ቀን ተቈርጦለት በእጅ አንድ ነገር ሲሠራ ነው።

ይህን ሁሉ ያነበበ ጠንቃቃ ሰው «እንግዲያስ ሁሉም እስኪሟላልኝ ልጠብቅ» ይል ይሆናል። እርሱም ይሳሳታል። ስቲቨን ሌቪት የተባለው አሜሪካዊ የኤኮኖሚ ሊቅ በ2016 ያቀረበው ጥናት ለዚህ መልስ አለው። ሥራ ልልቀቅ ወይስ አልልቀቅ እያሉ የሚያመነቱ ብዙ ሰዎችን ሰብስቦ «ዘውድ ወይስ ጎፈር» እንደምንለው ሳንቲም አስጣላቸው፤ ዕጣው «ለውጥ» ያለው ሰው ከሌላው ይልቅ የመለወጥ ዝንባሌ ነበረው። ከስድስት ወር በኋላ ሲጠየቁ በከባድ ጉዳዮች ላይ የለወጡት ካልለወጡት ይልቅ ደስተኞች ሆነው ተገኙ። ይህ ለሁሉም ሰው ይሠራል ማለት አይደለም፤ ጥናቱ የተደረገው ሲያመነቱ ቈይተው ሚዛኑ እኩል በሆነባቸው፣ ራሳቸውም ፈቅደው በገቡ ሰዎች ላይ ነው። ግን ስንቁ ተቋጥሮለት፣ ሙከራው ተደርጎለት፣ ቤተሰቡም ሰምቶ፣ በፍርሃት ብቻ የተቀመጠ ሰው ካለ መልእክቱ ለእርሱ ነው። ልብ መምታቱ ካልቆመ አልነሣም የሚል እስከ ሽምግልና ድረስ ይቀመጣል።

የቀረው የመመለሻው በር ነው። አንዳንዶች የኋላውን ድልድይ ማፍረስ ጀግንነት ይመስላቸዋል። ለጦር ሜዳ ይጠቅም እንደ ሆነ አላውቅም፤ ለተማሪ ግን አይጠቅመውም። ትምህርቱን አቋርጦ የሚሄድ ተማሪ ደንቡን ጠብቆ ዊዝድሮዋል ሞልቶ ከሄደና ፈተናው ሲደርስ ዝም ብሎ ከጠፋ፣ በመዝገቡ ላይ የሚጻፍለት አንድ አይደለም፤ ለሪአድሚሽን ሲመለስ የሚጠብቀውም መልስ እንደዚያው ይለያያል። ሥራውን የሚለቅም ሰው ማስጠንቀቂያውን በጊዜው ሰጥቶ፣ የያዘውን ንብረት አስረክቦ፣ ክሊራንሱን ይዞ ቢወጣ ሌላ ቀን የሚያንኳኳው በር ይኖረዋል። ስለዚህ በዚህ ሴሚስተር ለመለወጥ ያሰበ ካለ፣ ማዛወሪያው የሚዘጋበትን ቀን፣ የሚያዙለትን ኮርሶችና የመመለሻውን ደንብ ከጓደኛው ሳይሆን ከሬጅስትራሩ መስኮት ጠይቆ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል። ሰልፉ የሚያጥረው ከጠዋቱ ነው።